ብግነቱን ማን ያስቆመዋል? ተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳትና የሳንባ ብግነት ሕክምና

(ለፋኩልቲው ማኅበረሰብ በቃል የቀረበ ትምህርታዊ ገለጻ፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ የአርትዖት ሥራ ተደርጎበታል።)



የዛሬው ገለጻዬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያጠነጥናል። ሁለት ሰዎች በአንድ ዓይነት የሳንባ ምች ታመሙ እንበል። የሁለቱም ሳንባ ይቆጣል፤ ውኃ ይቋጥራል፤ ሁለቱም ትንፋሽ ያጥራቸዋል። የበሽታው መንስኤ የሆነው ባክቴሪያ በመድኃኒት ከተወገደ በኋላ አንደኛው ቀስ በቀስ ያገግማል። የሌላኛው ሳንባ ግን ጠላቱ ከሜዳው ከጠፋ በኋላም መቆጣቱን አይተውም፤ ሕመምተኛው በመተንፈሻ መርጃ መሣሪያ ላይ ሆኖ ለሳምንታት ይቆያል፤ አንዳንድ ጊዜም ሕይወቱ ያልፋል። ልዩነቱ ከምን መጣ?

ለረጅም ዘመን የተለመደው መልስ ብግነትን ከማገዶ እሳት ጋር የሚያመሳስል ነበር፤ የሚበላው ሲያልቅ በራሱ ይከስማል የሚል። ያለፉት ሠላሳ ዓመታት ምርምር ያስተማረን ግን ሌላ ነው። ብግነት እንዲቆም የሚያደርጉ፣ ለዚሁ ሥራ የተመደቡ ሕዋሳት አሉ። ከእነዚህም ዋነኞቹ ተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳት የሚባሉት ናቸው። ጥያቄው እንግዲህ እንዲህ ይሆናል፦ የገዛ ሳንባው ብግነቱን ማስቆም ላቃተው ሕመምተኛ እነዚህን ሕዋሳት እንደ መድኃኒት ልንሰጠው እንችላለን ወይ? በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውሳለሁ።

ሳንባ ያለበት አጣብቂኝ

አንድ ጤናማ ጎልማሳ በቀን ወደ 10,000 ሊትር የሚጠጋ አየር ያስገባል፤ ያስወጣል። ከዚህ አየር ጋር አቧራ፣ ጭስ፣ የአበባ ብናኝ፣ ቫይረስና ባክቴሪያ አብረው ይገባሉ። አየሩ የሚደርሰው በመቶ ሚሊዮኖች ወደሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ነው። ከረጢቶቹን ከደም ሥር የሚለየው ግድግዳ ውፍረቱ ከአንድ ማይክሮሜትር ያነሰ ነው። ኦክስጅን ወደ ደም የሚያልፈው ይህ ግድግዳ ስስ በመሆኑ ነው፤ በቀላሉ የሚጎዳውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በመሆኑም ሳንባ ሁለት ተቃራኒ ግዴታዎች አሉበት። ጀርም ሲገባ በፍጥነትና በኃይል መዋጋት አለበት፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ብናኝ ከተቆጣ ባለቤቱን አፍኖ ይገድላል። ለዚህ ውጊያ ቀድመው ከሚደርሱት ነጭ የደም ሕዋሳት መካከል ኒውትሮፊሎች ይገኙበታል። እነርሱ የሚረጯቸው ኬሚካሎች ጀርሙን ይገድላሉ፤ ይሁን እንጂ ጀርሙንና የሳንባውን ግድግዳ ለይተው አይመቱም። ግድግዳው ሲቀደድ የደም ፈሳሽ ወደ አየር ከረጢቶቹ ይገባል። ከረጢቱ በአየር ፈንታ በውኃ ሲሞላ ኦክስጅን መተላለፊያ ያጣል።

ይህ ሁኔታ በሁለቱም ሳንባዎች ላይ በስፋት ሲከሰት ሐኪሞች አጣዳፊ የመተንፈስ ችግር፣ ባጭሩ ኤአርዲኤስ ይሉታል። በ1967 በአሜሪካ የዴንቨር ሐኪሞች የ12 ሕሙማንን ታሪክ በአንድነት አቅርበው ሕመሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ገለጹት። መነሻው የሳንባ ምች፣ ወደ ደም የተሰራጨ ኢንፌክሽን፣ ከባድ አደጋ ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል፤ መድረሻው ግን አንድ ነው። በ50 አገሮች የተካሄደና በ2016 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ወደ ፅኑ ሕሙማን ክፍል ከሚገቡ ሰዎች መካከል 10 ከመቶ የሚሆኑት ይህ ችግር አለባቸው፤ ሕመሙ ከጸናባቸው መካከልም 46 ከመቶ ያህሉ ከሆስፒታል ሳይወጡ ይሞታሉ።

እስካሁን ያገኘነው ትልቁ እርምጃ ጉዳትን ከማከም ይልቅ ጉዳት ላለመጨመር የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። በ2000 የታተመ 861 ሕሙማን የተካተቱበት ሙከራ፣ በመሣሪያው የሚገፋው የአየር መጠን ሲቀነስ የሟቾች ድርሻ ከ39.8 ከመቶ ወደ 31.0 ከመቶ እንደሚወርድ አሳየ። ከመድኃኒቶች በኩል ደግሞ በ2020 በእንግሊዝ አገር የተካሄደው ሙከራ፣ ዴክሳሜታዞን በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ባሉ የኮቪድ-19 ሕሙማን ዘንድ በ28 ቀናት ውስጥ የሚከሰተውን ሞት ከ41.4 ከመቶ ወደ 29.3 ከመቶ እንደቀነሰ አረጋገጠ። ኦክስጅን ያላስፈለጋቸው ሕሙማን ግን ከመድኃኒቱ ያገኙት ጥቅም አልታየም።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ብግነትን መግታት ሕይወት ማትረፍ እንደሚችል ነው። ሁለተኛው፣ ያው መግታት ያለ ጊዜው ከመጣ እንደማይጠቅም ነው። ዴክሳሜታዞንም ቢሆን የመከላከያ ሥርዓቱን በጅምላ ያዳክማል እንጂ የተቀደደውን ግድግዳ መልሶ የሚጠግን ሠራተኛ አይደለም። ስለዚህ የሚገታም የሚጠግንም ነገር ይኖር ይሆን የሚለው ጥያቄ ይከተላል።

ተቆጣጣሪዎቹ ሕዋሳት እንዴት ታወቁ

የመከላከያ ሥርዓቱን የሚያበርዱ ሕዋሳት አሉ የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1970ዎቹ በስፋት ተጠንቶ ነበር። ሆኖም ሕዋሳቱን ከሌሎቹ ነጥሎ የሚያሳይ አስተማማኝ ምልክት ስላልተገኘ በ1980ዎቹ ሐሳቡ ተአማኒነቱን አጥቶ ብዙዎች ተውት። ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ ካልተዉት ጥቂቶች አንዱ ነበሩ።

እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ1995 ያሳተሙት ሙከራ ቀላልና ግልጽ ነበር። ከጤናማ አይጦች ቲ ሕዋሳትን ወሰዱ፤ በገጻቸው ላይ ሲዲ25 የተባለውን ፕሮቲን የተሸከሙትን ለይተው አወጡ፤ የቀሩትን የራሳቸው ቲ ሕዋስ ለሌላቸው አይጦች ሰጡ። እነዚያ አይጦች በበርካታ የአካል ክፍሎቻቸው ላይ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ ያዛቸው። የተለዩት ሕዋሳት ሲመለሱላቸው ግን በሽታው ተከላከለ። ቁጥራቸው አነስተኛ የሆኑ ሕዋሳት ሌሎቹን ሁሉ በልክ ይዘው እንደሚኖሩ በዚህ ታወቀ። በሰው ደም ውስጥም ሲዲ4 ከሚባለው ምድብ ቲ ሕዋሳት መካከል ከ5 እስከ 10 ከመቶ የሚሆኑት እነርሱ ናቸው።

ሁለተኛው መንገድ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። በ1949 በአሜሪካ ኦክ ሪጅ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቆዳቸው የሚላላጥ፣ ወንዶቹ በጥቂት ሳምንታት ዕድሜ የሚሞቱ አይጦች ተወልደው ነበር። ሜሪ ብሩንኮና ፍሬድ ራምስዴል ከባልደረቦቻቸው ጋር የእነዚህን አይጦች ጉድለት ተከታትለው በ2001 ፎክስፒ3 የተባለውን ጂን አገኙ። በሰው ልጅ ላይ ይኸው ጂን ሲበላሽ በሕፃናት ወንዶች ላይ ከባድ የሆነ፣ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ እንደሚያስከትልም ተረጋገጠ። በ2003 ሁለቱ መንገዶች ተገናኙ፦ ፎክስፒ3 አንድን ቲ ሕዋስ ተቆጣጣሪ የሚያደርገው ዋና አዛዥ ጂን መሆኑን ሦስት የምርምር ቡድኖች አሳዩ። ለዚህ ግኝት የ2025 የፊዚዮሎጂ ወይም የሕክምና የኖቤል ሽልማት ለብሩንኮ፣ ለራምስዴልና ለሳካጉቺ ተሰጥቷል።

ሁለቱ የሥራ ድርሻዎች

እነዚህ ሕዋሳት ሌሎቹን የሚገቱት በበርካታ መንገዶች ነው። ኢንተርሊውኪን-2 የተባለው ፕሮቲን ለተዋጊ ቲ ሕዋሳት መባዣ የሚሆን ስንቅ ነው፤ ተቆጣጣሪዎቹ በሲዲ25 አማካይነት ይህን ስንቅ ቀድመው ይጠጡታል። ሲቲኤልኤ-4 በተባለው ፕሮቲናቸው ተዋጊዎቹን የሚቀሰቅሱትን ሕዋሳት ያለዝባሉ። ኢንተርሊውኪን-10 እና ቲጂኤፍ-ቤታ የተባሉ የሚያበርዱ መልእክተኞችንም ይለቃሉ።

በሳንባ ላይ ያላቸውን ሚና በግልጽ ያሳየው በ2009 የታተመው የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ሙከራ ነው። ተመራማሪዎቹ ከባክቴሪያ ገጽ የተወሰደ መርዝ በአይጦች ሳንባ ውስጥ ጨመሩ። ግማሾቹ አይጦች ጤናማ ሲሆኑ ሌሎቹ ሊምፎሳይት የሚባሉት ሕዋሳት ፈጽሞ የሌሏቸው ነበሩ። መጀመሪያ ላይ የሁለቱም ጉዳት ተመሳሳይ ነበር። ልዩነቱ የታየው በማገገሚያው ወቅት ነው፦ ጤናማዎቹ ሲያገግሙ፣ ሊምፎሳይት የሌላቸው ግን ማገገም ተሳናቸው። ተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳት ሲሰጧቸው፣ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ እንኳ ቢሆን፣ ማገገማቸው ተመለሰ። ተመራማሪዎቹ በተመሳሳይ የሳንባ ጉዳት ከታመሙ ሰዎች ሳንባ በተወሰደ ፈሳሽ ውስጥም እነዚህን ሕዋሳት አግኝተዋል።

በዚህ ሙከራ ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባ ነጥብ አለ። ሕዋሳቱ ጉዳቱ እንዳይጀምር አላደረጉም፤ ያደረጉት እንዲያበቃ ነው። መጀመርና ማብቃት የተለያዩ ሂደቶች ናቸው፤ የተለያዩ ባለቤቶችም አሏቸው።

በ2015 ደግሞ ከኒው ዮርክ የወጣ ሌላ ሥራ ነገሩን አሰፋው። ተመራማሪዎቹ አምፊሬጉሊን የተባለውን ፕሮቲን በተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳት ውስጥ ብቻ እንዳይመረት አድርገው አይጦቹን በኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ አስያዟቸው። አምፊሬጉሊን የተጎዳ ሽፋን እንደገና እንዲያድግ የሚረዳ ነው። የእነዚህ አይጦች ተቆጣጣሪ ሕዋሳት ብግነትን የመግታት ችሎታቸው አልጎደለም፤ ሳንባቸው ግን ይበልጥ ተጎዳ፤ በደማቸው ያለው ኦክስጅንም ቀነሰ። በሌላ አነጋገር መግታትና መጠገን በአንድ ሕዋስ ውስጥ ያሉ፣ ሊነጣጠሉ የሚችሉ ሁለት ሥራዎች ናቸው።

በአገራችን ባህል የተጣሉትን የሚያስታርቅ ሽማግሌ ሥራው ጠበኞቹን ዝም በማሰኘት አያበቃም፤ የፈሰሰው ደም ካሳ እንዲያገኝ፣ የፈረሰው እንዲሠራም ያደርጋል። የተቆጣጣሪ ሕዋሳትም ጠባይ ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ተመራማሪዎች ከዴክሳሜታዞን በላይ ተስፋ የጣሉባቸውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከአይጥ ወደ ሕመምተኛ

ሕዋስን እንደ መድኃኒት መስጠት በሐሳብ ደረጃ ቀላል ነው። ከደም ውስጥ ተቆጣጣሪዎቹ ይለያሉ፤ በቤተ ሙከራ ይባዛሉ፤ በደም ሥር ይሰጣሉ። በ2009 በፖላንድ የግዳንስክ ሐኪሞች የመቅኔ ንቅለ ተከላ ተከትሎ ከሚመጣ ችግር የታመሙ ሁለት ሰዎችን በዚህ መንገድ ማከማቸውን አሳተሙ። በ2015 በአሜሪካ የታተመ ሌላ ሙከራ አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ያለባቸው 14 ሰዎች የገዛ ራሳቸው የተባዙ ሕዋሳት ተሰጥቷቸው ያለ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት እንደተቀበሏቸው አሳየ። ከተሰጡት ሕዋሳት ከፊሉ ከአንድ ዓመት በኋላም በደማቸው ውስጥ ይገኝ ነበር።

ይሁን እንጂ የስኳር ሕመምተኛ ሕዋሳቱ እስኪባዙ ሁለት ሳምንት ሊጠብቅ ይችላል። ኤአርዲኤስ የያዘው ሰው ግን የሚጠብቅበት ሁለት ሳምንት የለውም። መፍትሔ ሆኖ የቀረበው የእትብት ደም ነው። ከወሊድ በኋላ ከእትብት የሚሰበሰበው ደም ለጋ የሆኑ ተቆጣጣሪ ሕዋሳት አሉት፤ ከሌሎቹም በተሻለ ጥራት ይለያሉ። አስቀድሞ አባዝቶ፣ በቅዝቃዜ አቆይቶ፣ ባስፈለገ ሰዓት ለማንኛውም ሕመምተኛ መስጠት ይቻላል የሚለው ሐሳብ ከዚህ የመነጨ ነው።

ኮቪድ-19 ሲመጣ ሐሳቡ ተሞከረ። በ2020 የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች ከእትብት ደም የተዘጋጁ ተቆጣጣሪ ሕዋሳት የተሰጧቸውን ሁለት የኤአርዲኤስ ሕሙማን ታሪክ አሳተሙ። ሁለቱም አገገሙ። ይህ ዜና በጊዜው ብዙ ተስፋ ቀሰቀሰ፤ ነገር ግን ሁለት ሰዎች ማስረጃ አይሆኑም። ያለ ሕዋሳቱም ሊያገግሙ ይችሉ ነበርና። ስለዚህ ትክክለኛው ቀጣይ እርምጃ ተወሰደ፦ 45 ሕሙማን በዕጣ በሦስት ተመደቡ። አንዱ ቡድን በእያንዳንዱ ጊዜ 100 ሚሊዮን ሕዋሳት፣ ሁለተኛው 300 ሚሊዮን ሕዋሳት፣ ሦስተኛው ፕላሴቦ ተሰጠው። ሐኪሞቹም ሕሙማኑም ማን ምን እንደወሰደ አያውቁም ነበር።

በ2023 የታተመው ውጤት ለጥንቃቄም ለብርታትም የሚሆን ነው። ሕዋሳቱ መጠኑን ለመገደብ የሚያስገድድ መርዛማነት አላሳዩም፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም የተሰጡት ሳንባቸው እጅግ ለተጎዳ ሰዎች ነው። ፈዋሽነታቸውን ለመወሰን ግን 45 ሰው በቂ አይደለም።  እስከዛሬ ድረስ ተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳት ለማንኛውም የሳንባ በሽታ የታወቀ፣ የተረጋገጠ ሕክምና አይደሉም። ማንም ተቋም "የሕዋስ ሕክምና ለሳንባ" ብሎ በገንዘብ ቢያቀርብ፣ ቤተሰብ ንብረቱን ሸጦ ከመሄዱ በፊት ይህን ዓረፍተ ነገር ሊነግረው የሚችል የሕክምና ባለሙያ ማግኘት አለበት። ያ ባለሙያ ከእናንተ መካከል ሊሆን ይችላል።

ገና ያልተፈቱ ችግሮች

የመጀመሪያው የማንነት ችግር ነው። በሰው ዘንድ ተዋጊ ቲ ሕዋሳትም ሲነቃቁ ለጥቂት ጊዜ ፎክስፒ3ን ሊያሳዩ ይችላሉ። ስለዚህ ተቆጣጣሪ መስሎን ያባዛነው ተዋጊ ሊሆን ይችላል። ብግነት በበረታበት አካባቢ እውነተኛው ተቆጣጣሪም ጠባዩን የሚለውጥበት ሁኔታ መኖሩ በአይጦች ታይቷል።

ሁለተኛው የጊዜ ችግር ነው። ጀርሙ ገና በሕይወት ሳለ መከላከያውን ብናበርድ ለጠላት በር እንከፍታለን። ዘግይተን ብንደርስ ደግሞ ጠባሳው ቦታውን ይዟል። ከዴክሳሜታዞን ሙከራ የተማርነው ትምህርት እዚህም ይሠራል።

ሦስተኛው የጠባሳ ጥያቄ ነው። ብግነትን የሚያበርደው ቲጂኤፍ-ቤታ ራሱ የጠባሳ ሥጋ እንዲበዛ ከሚያደርጉት ዋነኞቹ አንዱ ነው። ሳንባቸው በጠባሳ በሚደነድንባቸው አይጦች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች የተቃረኑ ውጤቶች ሰጥተዋል፤ በአንዳንዶቹ ተቆጣጣሪ ሕዋሳቱ ጠቀሙ፣ በሌሎቹ ጎዱ።

አራተኛው ሕዋሳቱን ወደሚፈለጉበት ቦታ የማድረስ ጥያቄ ነው። በደም ሥር የተሰጠ ሕዋስ በመላ ሰውነት ይዞራል። ለዚህ ሲባል ሕዋሳቱ በሳንባ ውስጥ ያለን አንድ ፕሮቲን ለይተው እንዲይዙ በጂን ምሕንድስና የሚሻሻሉበት መንገድ እየተጠና ነው። በ2017 የታተመ ሥራ እንዲህ የተሻሻሉ ሕዋሳት በአይጦች ላይ የአስም ዓይነት ብግነትን እንደቀነሱ አሳይቷል፤ ይህ ግን ገና የአይጥ ውጤት ነው።

ጉዳዩ ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ምናልባት "ይህ ሁሉ የሀብታም አገሮች ሳይንስ ነው" የሚል ሐሳብ በአንዳንዶቻችሁ ውስጥ ይመላለስ ይሆናል። ሦስት ነገሮች ሌላ ነገር ይነግሩናል።

አንደኛ፣ የዚህ ታሪክ አንዱ ምዕራፍ የተጻፈው በጅማ ነው። በ1990ዎቹ የጅማና የእንግሊዝ ኖቲንግሃም ተመራማሪዎች በጅማ ከተማና በአካባቢው ገጠር የአስምን ስርጭት አጠኑ፤ በከተማው ከገጠሩ ይልቅ በዝቶ አገኙት። በ2001 በታተመው ተከታይ ሥራቸው ሁክዎርም የተባለው የአንጀት ትል ያለባቸው ሰዎች ትንፋሻቸው ሲር ሲር የማለት ዕድሉ አነስተኛ መሆኑን አመለከቱ። በ2005 የኤድንብራ ተመራማሪዎች ለዚህ ሊሆን የሚችለውን መንገድ በአይጦች አሳዩ፦ የአንጀት ትል ከያዛቸው አይጦች የተወሰዱ ተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳት፣ ትል ለሌላቸው ሌሎች አይጦች ሲሰጡ የአለርጂ የሳንባ ብግነትን ቀነሱ። ትሉ ለራሱ ህልውና ሲል የአስተናጋጁን ተቆጣጣሪዎች ያበዛል፤ ሳንባም ከዚህ ይጠቀማል ማለት ነው። ነገር ግን በ2010 በኖቲንግሃም 32 የአስም ሕሙማን በተካተቱበት ሙከራ የሁክዎርም እጭ መስጠት ሕመሙን በሚያሳምን ደረጃ አላሻሻለም። በሕዝብ ላይ የታየ ዝምድና ወደ ሕክምና የሚለወጠው በቀላሉ አይደለም። ትል ደም ማነስን የሚያስከትል በሽታ መሆኑም እንዳይዘነጋ፤ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትሉን ሳይሆን ስልቱን ነው።

ሁለተኛው የሳንባ ነቀርሳ ነው። ኢትዮጵያ በዓለም የጤና ድርጅት ዝርዝር የቲቢ ጫና ከበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ብዙ ሰዎች ባክቴሪያውን ሳይታመሙ ተሸክመው ይኖራሉ፤ አስሮ የያዘው የገዛ መከላከያቸው ነው። በ2001 በአሜሪካ ተመራማሪዎች፣ ቲኤንኤፍ የተባለውን የብግነት መልእክተኛ የሚገታውን ኢንፍሊክሲማብ ከወሰዱ በኋላ ቲቢ የተቀሰቀሰባቸውን 70 ሰዎች ዘግበዋል። በአይጦች ላይም ተቆጣጣሪ ሕዋሳት ሲቀነሱ የቲቢ ባክቴሪያ ቁጥር እንደሚቀንስ ታይቷል፤ ይህም ሲበዙ ምን ሊሆን እንደሚችል እንድንጠይቅ ያስገድዳል። በዴንቨር ወይም በባልቲሞር ሕሙማን ላይ ደኅንነቱ የተረጋገጠ ሕክምና በጅማ፣ በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ ሕሙማን ላይ ደኅንነቱ ተረጋግጧል ማለት አይደለም። ይህን ጥያቄ በእኛ ፈንታ ጠይቆ የሚመልስልን የለም።

ሦስተኛው መለኪያው ራሱ ነው። በ2012 የወጣው የኤአርዲኤስ መለያ የደም ወሳጅ ሥር ናሙና፣ የመተንፈሻ መሣሪያና የደረት ምስል የሚጠይቅ ስለነበር፣ እነዚህ በሌሉበት ሆስፒታል በሽታው "የለም" ማለት ነበር። በሩዋንዳ ኪጋሊ የተሠራና በ2016 የታተመ ጥናት በጣት ላይ በሚደረግ የኦክስጅን መለኪያና በአልትራሳውንድ መለየት እንደሚቻል አሳየ። በ2023 ይፋ የሆነው አዲሱ ዓለም አቀፍ መለያም እነዚህን ተቀብሏቸዋል። በአነስተኛ አቅም የተሠራ ጥንቁቅ ምርምር የዓለምን መለኪያ ሊለውጥ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ስለዚህ ነገ ጠዋት የሕዋስ ማባዣ ፋብሪካ እንክፈት እያልሁ አይደለም። በፅኑ ሕሙማን ክፍሎቻችን ኦክስጅንና ጥንቃቄ ያለበት የአየር መጠን ዛሬም ከማንኛውም ሕዋስ ይልቅ ብዙ ሕይወት ያተርፋሉ። ነገር ግን ዛሬ ልንሠራው የምንችለው ሥራ አለ። ከሳንባ ምችና ከኤአርዲኤስ ያገገሙና ያላገገሙ ሕሙማንን ደም በየቀኑ አወዳድሮ፣ ተቆጣጣሪ ሕዋሳቱ መቼ እንደሚበዙ፣ በማን ዘንድ እንደሚጎድሉ ማጥናት ይቻላል። ድብቅ ቲቢ ባለባቸው ሰዎች ዘንድ እነዚህ ሕዋሳት ምን እንደሚሠሩ ማጥናት ይቻላል። የሕዋስ ፋብሪካ የማይሹ፣ ተቆጣጣሪዎቹን በሰውነት ውስጥ የሚያበዙ አማራጮችን፣ ለምሳሌ አነስተኛ መጠን ያለው ኢንተርሊውኪን-2ን፣ በቅርብ መከታተል ይቻላል። ሕክምናው አንድ ቀን ሲበስል ለማን እንደሚሰጥና መቼ እንደሚሰጥ የሚወስነው ከእንዲህ ያለ ጥናት የሚገኝ ዕውቀት ነው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ጠላቱ ከሄደ በኋላ መቆጣቱን ያልተወው ሳንባ የጎደለው ምናልባት ተጨማሪ ኃይል ሳይሆን "በቃ" የሚልና የፈረሰውን የሚሠራ አካል ነው። የመድኃኒት ታሪክ በአብዛኛው ጠላትን የመግደል ታሪክ ነበር። ተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳት የሚያስተምሩን ውጊያን በሥርዓት ማብቃትም ራሱን የቻለ የሰውነት ሥራ እንደሆነ፣ ሊጠና፣ ሊለካ፣ ምናልባትም ሊታገዝ እንደሚችል ነው። "ምናልባት" የሚለውን ቃል ወደ "አዎ" ወይም ወደ "አይደለም" የሚለውጠው ቀጣዩ በጥንቃቄ የተሠራ ሙከራ ነው።

 አሁን መድረኩ ለጥያቄዎቻችሁ ክፍት ነው።